ሥራ ማለት

እናትና ልጅ አሮጌዋን ታክሲ ከኋላ ቢገፏት፣ ቢገፏት ንቅንቅ አልል አለች። የልጅቷ የፊዚክስ ፈተና ሊጀመር ነው፤ አባት መሪውን ጨብጦ «በርቱ እንጂ!» ይላል።

«ወገቤ ተቆረጠ እኮ!» አለች እናት።

ልጅቷ ትርጉሙን ስትሸመድድ የሰነበተችው ቃል ከአፏ አመለጣት። «እማዬ፣ በፊዚክስ ገና ምንም ሥራ አልሠራንም። የተገፋው ነገር ካልተንቀሳቀሰ ሥራው ዜሮ ነው።»

«ላቤ ጠብ እስኪል ገፍቼ ዜሮ?»

ልጅቷ ልትመልስ ስትል በኋላው መስኮት በኩል ወደ ውስጥ አየችና ጮኸች፦ «አባዬ! የእጅ ፍሬኑ ተይዟል!»

አባት ደንግጦ ለቀቀው። ሁለቱ እንደገና ሲገፏት ታክሲዋ ተንደረደረች፤ ሞተሩ ተነሣ፤ እናትና ልጅ እየሳቁ ተከትለው ሮጡ።

«ኡፍ፣ ደከመኝ!» አለ አባት ግንባሩን እየጠረገ።

እናት በሩን ከፍታ እየገባች፣ «አንተን ብሎ ደካሚ!» አለችው። «ዜሮ!»