ሳይጋበዙ የሰከሩ

«እነዚህኞቹን ደግሞ ምን ነካቸው?» ትላለች ጓደኛዬ፣ በብሩሿ ጫፍ ሁለተኛውን ሳህን እያሳየችኝ።

ጎንበስ እላለሁ። የመጀመሪያው ሳህን ትሎች አልኮል የተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ ከጥፍር ቁራጭ የማይበልጡ። ብርሃን ስለማይወዱ መብራቱ ሲበራ ግማሹን ሳህን ወደሸፈነው ጥቁር ወረቀት ሥር መሸሽ ነበረባቸው። አልሸሹም። መሀል ብርሃን ላይ ይጠማዘዛሉ፤ አንዷ እንዲያውም በጀርባዋ ተዘርራለች። የፈለግነውም ይህንኑ ነው፤ አልኮል ትልን ያሰክር እንደሆነ ማየት።

የሁለተኛው ሳህን ትሎች ግን የኩሬ ውሃ እንጂ ሌላ አልተሰጣቸውም። እነሱም ይንገዳገዳሉ።

«ማን ጋበዛቸው?» ትላለች። ልትስቅ ትሞክርና ያቅታታል።

ኮሪደሩ ላይ የቤተ ሙከራችን ኃላፊ የዶክተሯ ጫማ ይሰማል። ሙከራችን ይቀጥል አይቀጥል ዛሬ አይታ ልትወስን ነው፤ ካላመነችበት ትሎቻችን ይደፋሉ፣ ጠረጴዛችንም እንቁራሪት ለሚያጠኑት ይሰጣል።

የሻይ ስኒዋን ከነማስቀመጫው እንደያዘች ትገባለች። አንዱን ሳህን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች።

«የጠጡት የትኞቹ ናቸው?»

«የግራዎቹ፣ ዶክተር።»

«የቀኞቹስ?»

«የኩሬ ውሃ ብቻ ነው የሰጠናቸው፣» ትላለች ጓደኛዬ።

«በሉ እንግዲህ፣ ታመዋል ማለት ነው። ልጆቼ፣ ልፋታችሁን ውሃ በላው።»

ዞራ ልትወጣ ነው። እኔ ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ ጥያቄዬን በጓደኛዬ ጆሮ አንሾካሽካለሁ።

«ሳህኖቹን በምን ወለወልሻቸው?»

«በአልኮል ነዋ! እንደ ሁልጊዜው፣ ለንጽሕና...»

«አለቀለቅሻቸው?»

አፏን በሁለት እጇ ትይዛለች።

«ዶክተር!» የጮህኩት እኔ ነኝ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ነው። «ሳህኑ ነው! ሳህኑ ላይ የቀረችው የአልኮል እርጥበት ናት ያሰከረቻቸው! ያቺ ብቻ!»

«ያቺማ ምን አቅም አላት?»

«እሱን እኮ ነው የምለው! ለእነሱ ያቺም ትበቃለች!»

በሩ ላይ ትቆማለች። «ወሬ አልፈልግም። አሳዩኝ።»

አልኮል ያልነካው ዕቃ ከየት ይምጣ? ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያሉት ሁሉ ተወልውለዋል። ጓደኛዬ ክፍሉን በዓይኗ ታስሳለች፤ ከዚያ የዶክተሯን ስኒ ብድግ አድርጋ ማስቀመጫውን ከሥሩ ትነጥቃለች።

«አንቺ! የኔን?»

«እገዛልዎታለሁ፣ ዶክተር!»

ማስቀመጫውን በኩሬ ውሃ ደጋግማ ታለቀልቀዋለች፣ ትሞላዋለች። እኔ በብሩሽ ከቀኙ ሳህን ትንሿን ትል አነሳለሁ። ብትወድቅ ትሞትብኛለች። ነጩ ሸክላ ላይ አሳርፋታለሁ።

እንደ ተጣለ ክር ተጠቅልላ ትቀራለች።

«ሞተች፣» ትላለች ጓደኛዬ።

«ዝም በይ፣» ትላለች ዶክተሯ። እሷም ጎንበስ ብላለች፤ መነጽሯ ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ጫፏ ይላወሳል። ደግሞ ይቆማል። ከዚያ ጥቅሉ ቀስ ብሎ ይፈታል፣ ትሏ ትዘረጋለች፣ ራሷን ቀና ታደርጋለች።

«መሸሻ የላትም እኮ!» እላለሁ። «ወረቀቱን...»

ዶክተሯ ወረቀቱን አትጠብቅም። ስኒዋን መሬት አስቀምጣ መዳፏን መብራቱና ውሃው መሀል ትዘረጋለች። የአምስት ጣት ጥላ ሸክላው ላይ ይወድቃል።

ትሏ ራሷን ወደ ግራ ታዞራለች፣ ወደ ቀኝ ታዞራለች። ከዚያ ቀጥ ብላ፣ አንዴ እንኳ ሳትወላገድ፣ እየተንሸራተተች የትንሿ ጣት ጥላ ውስጥ ትገባለች።