ሦስተኛው መስመር

ይህ ነገር ቅንጣት ውሸት ካለበት ምላሴን ቁረጡኝ! አንዲት የድርጅት ሰነድ ክፍል ኃላፊ ለእያንዳንዱ ፋይል ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት መስመር ትሞላ ነበር፤ ምንድን ነው፣ የማን ነው፣ በምን ተተካ። ሥራውን ለታናሽ እህቷ አስተምራ፣ ለምና አጠገቧ አስቀጠረቻት።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አሮጌ ውል ስትፈልግ የራሷ ፎቶ ያለበት ፋይል ብቅ አለ። «ምንድን ነው፦ ሰው። የማን ነው፦ የባሏና የልጇ። በምን ተተካ፦ በታናሽ እህቷ።» የሞላችውም እህቷ ናት።

«አንቺ ጉደኛ! አሁኑኑ አጥፊልኝ» አለቻት እየሳቀች።

«ይቅርታ እሜቴ፣ ማን አስገባዎት?» አለች እህቷ።

ቤት ደወለች። ልጇ አነሳች።

«እማዬ ሥራ ናት። ማን ልበላት?»

እሺ፣ አንዷን ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ልጅቷ እንዲህ አላለችም። የእናቷን ድምፅ አውቃ፣ ስልኩን ዘጋችባት።