ጅብ ሲፈትን

ዘንድሮ በንባብ ፈተና ላይ ጥያቄ የሚጠይቀው አስተማሪ አይደለም። ልጁ ያነበበው ታሪክ ውስጥ ያለው ባለታሪክ ራሱ ከገጹ ብድግ ብሎ ይጠይቃል። ለሁለተኛ ክፍሏ ልጄ ለትርሲትና ለክፍል ጓደኞቿ የደረሳቸው ደግሞ ጅብ ነው።

«ዜሮ አገኘች» አሉኝ መምህር አሰግድ አስጠርተውኝ። «ያነበበችው አልገባትም፤ ክፍሉን ትደግማለች።»

የሳሙና መጠቅለያ ሳይቀር አንብባ የምታስረዳኝን ልጅ! «እስቲ እኔ ባለሁበት እንደገና ትፈተን» አልኩ።

ትርሲት ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበች፤ እኔም አጎንብሼ አብሬያት አነበብኩ። ስትጨርስ ጅቡ ከገጹ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ጉብ አለ።

«ጎበዟ ልጅ፣» አለ ከንፈሩን እየላሰ፣ «ፍየሏ ግልገሏን የት ደበቀቻት?»

ትርሲት ኮርኒሱን አየች። «እኔ እንጃ።»

«ትንሽ ብቻ አስቢ፣ የኔ ማር።»

«አላውቅም አልኩህ!»

«አዩ?» አሉኝ መምህሩ። «ሌሎቹ ልጆች ግን ሁሉም መልሰዋል።»

«ቲቸር፣» አለች ትርሲት፣ «እነሱ ሲመልሱ ግልገሏ ምን ሆነች?»

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጅቡ ሆዱን አሻሸ።

ከዚያም በእሷ ተስፋ ቆርጦ ወደ እኔ ዞረ። «እናትየው፣ እርስዎ አብረው ሲያነቡ አይቻለሁ። የት ናት?»

ትርሲት ቀሚሴን ጨመደደችው። መምህሩ እኔም ብመልስላት ዜሮዋን ሊሰርዙላት እስክሪብቷቸውን አንስተው ይጠብቃሉ።

ዕድሜዬን በቤተ መጻሕፍት ሥራ የጨረስኩ ሴት ነኝ።

«ይቅርታ፣» አልኩት፣ «ማንበብ አልችልም።»