ወገብ የሚያቀጥነው ሻይ

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ፣ ቦርጭ ያጠፋል፣ ምግብ ይፈጫል የተባለውን የቦካ ሻይ በባዶ ሆዷ መጠጣት ከጀመረች ሦስት ወር ሆናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ወገቧን የምለካላት እኔ ነኝ፤ እሷ ለደንበኛ እንጂ ለራሷ እውነት አትለካም።

ዛሬ ሜትሩ ሃምሳ አንድ ሴንቲ ሜትር ላይ ገጠመ።

«በቃሽ እንጂ! በመርፌ ቀዳዳ ልታልፊ ነው?» አልኳት።

«ቀናተኛ! ቦርጭሽን ይዘሽ ውጪልኝ!»

ቀሚሷን ስታጠልቅ የጎድን አጥንቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ይህቺ ሴት ዓይኔ እያየ ልትሞት ነው ብዬ እልህ ያዘኝ። ወጥ ቤቷ ገብቼ በሩን ዘጋሁና የሻዩን ጠርሙስ ማጠቢያው ላይ ዘቀዘቅኩት። ሻዩ ሲቦካ ላዩ ላይ የሚያበቅለው ሽፋን እንደ ፍራሽ ወፍሯል፤ ስነካው ይሞቃል። አፉ ላይ ተወትፎ አልወጣ ሲለኝ በሹካ ወጋሁት።

«ጎኔን!» ብላ ከሳሎን ጮኸች።

በሩ ዝግ ነው፤ ልታየኝ አትችልም። ቀስ ብዬ፣ በሹካው ጫፍ ብቻ፣ ደግሜ ነካ አደረግኩት።

«ኧረ ጎኔን! ምን ነካኝ? እህቴ፣ ድረሽልኝ!»

ጠርሙሱን ቶሎ ቀና አደረግኩት። ግማሹ ግን ፈሷል።