መርከብ ላይ ያለችው መኪና

«ይቅርታ፣ መኪናዎ ትዘገያለች» የሚለው መልእክት ከመኪና መሸጫው ለአምስተኛ ጊዜ የመጣው ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ለቶርላይፍ ያነበበችለት እንደ ወትሮው ሚስቱ ራንዲ ናት። እሱ ከስልክ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። የኤሌክትሪክ መኪናዋን ያዘዘችውም፣ ውሉን በስልኳ የፈረመችውም እሷ ነበረች።

«ጃንዋሪ አሥራ አራት ሰማንያ ይሞላኛል» አለ ቶርላይፍ፣ ቡናማውን አይብ እንደ ጠላት እየላገ። «ከዚያ ወዲያ ያለ ሐኪም ወረቀት መሪ አያስነኩኝም። ያ ሻጭ ይህን ያውቃል። አውቆ ነው የሚያጓትተኝ!»

«እሱ ምን ይጠቀማል?»

«ለሌላ ሸጧታላ!»

ራንዲ ዳቦዋን ቆረሰች። ባሏ አርባ ዓመት ሙሉ በየክረምቱ ከሚኖሩበት ከድራመን እስከ ሩቁ ሰሜን ኖርዌይ፣ እስከ ቦዶ ድረስ፣ ወንድሙ ዘንድ፣ በገዛ እጁ እየነዳ ሄዷል። ዘንድሮም ሐኪም ፊት ሳይቀርብ አንድ ጊዜ ሊሄድ ምሏል። አሮጌዋን የናፍጣ መኪና አዲሷን ሲያዙ አስረክበዋል። ጎኗ ተፍቆ ነበር። ጋራዡ ጠቦ ነው አለ ቶርላይፍ፤ ሠላሳ ዓመት ያስገባበት ጋራዥ።

ቅዳሜ ጠዋት ሻጩን ፊት ለፊት ሊያናግሩት ወጡ። ጎረቤታቸው ኦድቫር ደጁ ላይ ከአዲሷ የቻይና መኪናው በረዶ ይጠርጋል።

«አሁንም በአውቶቡስ?» አለ፣ ጥርሱን እያሳየ። «ያንተዋ እየዋኘች ነው እንዴ የምትመጣው?»

«ያንተዋ ማቀዝቀዣ መስላኝ ወተት ላስገባባት ነበር።»

«ማቀዝቀዣም ትሁን፣ በሁለት ሳምንት ነው እጄ የገባችው!»

አውቶቡስ ውስጥ ቶርላይፍ አልተወውም። «እኛስ ለምን የሱን ዓይነት አንወስድም? ነገ ኑ ውሰዱ ነው የሚሉት።»

«ቁመቷ ለጉልበቴ አይሆንም አልኩህ እኮ።»

«የኮሪያዋስ?»

«ሽታዋ ያዞረኛል።»

«የጀርመኖቹስ?»

«አንዴ ያዘዝነውን እንጠብቅ፣ ቶርላይፍ። እግዚአብሔር የታገሠን አይጥልም።» ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰችና ከንፈሯ እንደሚጸልይ ሰው ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

መሸጫው ለገዢ የሚጋገረውን ጣፋጭ ቂጣ፣ ዋፍል ዋፍል ይሸታል። ቶርላይፍ ሰማያዊ ሹራብ ወደ ለበሰ ሰው በቀጥታ ሄዶ «አንተ ውሸታም!» ብሎ ጮኸ። ሰውየው መኪና ሊያይ የመጣ እንግዳ ነበር፤ ዋፍሉ ጉሮሮው ላይ ቆመ። ራንዲ ባሏን በክርኑ ይዛ ወደ እውነተኛው ሻጭ፣ ወደ ሲንድሬ ጠረጴዛ አዞረችው።

«ሁሉንም አንድ ዓይነት ያለብሷቸዋል» ብሎ አጉረመረመ ቶርላይፍ።

ሲንድሬ ተነሥቶ ወንበር ሳበላቸው። «እንኳን ደህና መጣችሁ።»

«ደህና አልመጣንም! ጋዜጣው ምን እንደሚል ታውቃለህ? መኪናችሁ አውሮፓ ውስጥ ገዢ አጥታለች ይላል። ገዢ ካጣች የኔን ምን ያዛት? ንገረኝ! የማይፈለግ ዕቃ ወረፋ አለው?»

ሲንድሬ ራንዲን አየት አደረጋት።

«እሷን ምን ታያታለህ? እኔን እየኝ!»

እንግዶቹ ወደ እነሱ መዞር ጀመሩ። ያኔ ራንዲ ከወንበሯ ተነሣች። በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ እንኳ ድምፅዋ ከጎኗ ካለው ሰው አልፎ አያውቅም፤ አሁን ግን አዳራሹን ሞላው።

«አታፍርም? የሰው እንጀራ እየበላህ ሽማግሌ ታመላልሳለህ? እናት የለህም? ቢዋሽ እንኳ ለከት አለው!»

ቶርላይፍ ራሱ ደነገጠ። ከዚያ ደረቱን ነፋ፤ በሃምሳ ሁለት ዓመት ትዳር ውስጥ ሚስቱ እንዲህ ስትሟገትለት አይቶ አያውቅም።

የሲንድሬ ጆሮ ቀላ። «መርከብ ላይ ናት» አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ። «ፌብሩዋሪ ትደርሳለች ብለውናል።»

«ፌብሩዋሪ!»

ሲንድሬ ወረቀት አውጥቶ አስጠጋለት። ቶርላይፍ ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አቀረበው፣ አራቀው፣ ከዚያ መልሶ ወረወረው። «ፊደሉንም የምታሳንሱት ለተንኮል ነው። ድሮ ሌባ ሲሰርቅ ቢያንስ ይሮጥ ነበር። አንተ ተቀምጠህ ዋፍል ታቀርባለህ!»

ኮቱን ለበሰ። «ነይ እንሂድ። ከዚህ ሰው ጋር አንድ አየር አልተነፍስም።»

«አንተ ቅደም፤ ጓንቴን ላንሣ» አለች ራንዲ።

በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ የሲንድሬን እጅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ዛሬስ አበዛሁብህ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

«እኔስ ለምጄዋለሁ፣ እማማ» አለ ሲንድሬ። «መኪናዋ ግን ጓሯችን ከቆመች ከጁን ወዲህ አምስት ወሯ ነው። አለቃዬ ይውሰዱልን እያለ ነው።»

ራንዲ በመስታወቱ ወደ ውጭ አየች። ቶርላይፍ ፌርማታው ላይ ቆሞ፣ የቆሻሻ መኪና ሲመጣ እጁን ዘርግቶ ሊያስቆም ይሞክራል።

«ለልደቱ ማግስት ዓይኑን እንዲታይ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ ይዤለታለሁ» አለች፤ «እስከዚያ ብቻ ደብቀህ አቆይልኝ።»