የሙሚና ቀን

በባሌ ተራሮች ወዳለው ፓርክ ሰው በዕድሜው አንድ ቀን ብቻ እንዲገባ ከተወሰነ አርባ ዓመት ሆኗል። ከድር ቀኑን ገና ሳያገባ ወንዙ ዳር ትራውት ዓሣ ሲያጠምድ ጨርሶታል። ሚስቱ ሙሚና ግን የሷን ቆጥባ ቆይታ፣ ታማ ሐኪሞች ተስፋ ሲቆርጡባት በመስከረም መጣች።

«መራመድ አቅቷታል፤ ልደግፋት» ሲል ከድር ዘበኛውን ለመነው።

«አባባ፣ እርስዎ አንዴ ገብተዋል። ባስገባዎት እታሰራለሁ።»

ሙሚና በምርኩዝ ብቻዋን ገባች። ከድር አጥሩን ይዞ ጠበቃት። አመሻሽ ላይ ተመለሰች።

«ወንዙ ደረስሽ?»

«ደረስኩ። ዓሣው ይዘላል፤ ዳር ዳሩ አበባ ብቻ ነው። ወፎቹም እንደነገርከኝ ናቸው።»

ረግረጉን ሳያቋርጡ ወንዙ ዳር አይደረስም። ቤት ገብተው ጫማዋን ሲያወልቅላት ጭቃ አልነካውም ነበር። ከድር እግሯን በለብታ ውሃ እያጠበ፣ «እስቲ ስለ ዓሣው ደግመሽ ንገሪኝ» አላት።