የሩፈይዳ ፈታኝ

«ፊትህን አጥቁር እንጂ፣ አባ» ትለኛለች ልጄ ሩፈይዳ። «እንዲህማ ደግ ሰው ትመስላለህ።»

ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ባለው የእንጨት ሥራ ቤቴ ውስጥ ነን። አንድ ሰውዬ አሠርቶኝ «እግሩ ወፍራም ነው» ብሎ ጥሎት ከሄደው ጠረጴዛ ኋላ አስቀምጣኛለች። ቅዳሜ አዲስ አበባ የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተና አለባት። ካለፈች የፈረንሳይኛ መምህራን ሥልጠና ትገባለች። ጽሑፉን አትፈራም። አምና የጣላት የቃል ፈተናው ነው፤ ፈታኟ አንዴ ግንባሯን ቋጠር ስታደርግ የልጄ ምላስ ተሳሰረ፣ በቃ። ዘንድሮም ከወደቀች ሌላ ዕድል የለም።

«ጅማን ሙሉ ዞሬ ካንተ የከፋ ፊት አጣሁ» ብላኛለች ጠዋት። ሌላ ሰው ቢለኝ ዓመት አላናግረውም ነበር።

«አሥር ደቂቃ ሳላቋርጥ ማውራት አለብኝ። እንዳትስቅ፣ ራስህንም እንዳትነቀንቅ። ሜ፣ እስቲ ጀመርኩ።»

ፊት በማጥቆር እኔን ማን ያህለኛል። ስድስተኛ ክፍል ላይ «አንተ ጉቶ፣ ከኋላ ተቀመጥ» ያለኝን አስተማሪ አስባለሁ። ፊቴ ራሱ ይቋጠራል። ሩፈይዳ ትናገራለች። ስለ ሰፈር ነው መሰለኝ፣ «ጅሬን» የምትለዋን ለይቻለሁ። ከዚያ ዓይኗ ግንባሬ ላይ ያርፍና ቃሏ ይሰነካከላል፤ ትቆማለች።

ልለሳለስ ስል ጣቷን ታወዛውዝብኛለች።

«ተው፣ አባ። የምታዝንልኝ ፈታኝ የለችም።»

እሺ። ሰቃ ከተማ ላይ የሚስቴ ወንድም ሲያገባ፣ ከሽማግሌዎቹ ተርታ አስነስተው ከልጆች ጋር ያበሉኝን አስባለሁ። ትቀጥላለች።

ጎረቤቴ በያጁ ፈየራ በበሩ ብቅ ይላል።

«ምን አጥፍታ ነው?»

«ፈተና ላይ ናት። በፈረንሳይኛ።»

«አንተ ፈረንሳይኛ ታውቃለህ እንዴ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ በምንህ ነው የምትፈትናት?»

«በፊቴ።»

ፈየራ ጠጋ ብሎ ያየኛል። «ይኼን ካለፈችማ ትራፊክ ፖሊስም አያስቆማት።»

ሩፈይዳ አትስቅም። አታቋርጥምም። ዓይኗን ግንባሬ ላይ ተክላ ትናገራለች፤ እጇም አብሮ ይናገራል።

የአናጢዎች ማኅበራችን ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ «ሰዓት አልቋል» ያለኝን ሊቀመንበር አመጣለሁ። እሱን አልፋው ሄደች። ለኢድ ያልጠየቀኝን ባለሱቁን ቲጃኒን አመጣለሁ፤ ኋላ ይቅርታ ብሎኛል፣ ቢሆንም አመጣዋለሁ። እሱንም አለፈችው። መላጊያዬን ተውሶ አደንዝዞ የመለሰልኝ ነበር፣ ስሙ ጠፋብኝ። የዕድሜ ልክ ቂሜን በቁሟ ጨረሰችው። ሌላ ስፈልግ የማገኘው እሷን ብቻ ነው፤ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ድምፅዋ ውጭ ድረስ የሚሰማ።

አሥር ደቂቃው መሙላቱን ስልኳ ይጮሃል። አልሰማችውም።

ፈየራ ከበሩ ላይ በጣቱ አፌን ያሳየኛል። እዳስሰዋለሁ፤ ሳላውቀው ስቄ ጥርሴ ሁሉ ተገልጧል። ልከድነው እሞክራለሁ፣ እምቢ ይለኛል። ሩፈይዳ አይታዋለች፣ ግን አሁንም ትናገራለች።